ሁለተኛው ትክል ድንጋይ

«ርካሽ ፕሪንተር ገዛሁ!» ብሎ ገባ። ኧረ እልል በሉለት! ከጎንደር ፒያሳ እስከ ትክል ድንጋይ ካርቶን ታቅፎ የመጣ ጀግና ነው፤ አያ ካርቶን እንበለው። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሱ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ነበር አሉ። ረዳቱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢለው ደረቱን ነፍቶ «ሦስት በአንድ!» አለው። ረዳቱ ምኑ ሞኝ፤ «እንግዲያው የሦስት ሰው ክፈል!»

ይህ የሆነው አምና መስከረም ነው። ዘንድሮም መስከረም ጠባ። ሰውዬው ዛሬም «ዋናው በርካሽ መግዛት ነው» ይላል። ዋናው? ዋና የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ጥልቀቱን ይጠይቃል! «የቀለሙ ዋጋ ስንት ነው ብለሃል?» ስንለው «እሱን እንኳ አልጠየቅሁም» አለ። እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉ። ቡና የያዛችሁ ከነስኒያችሁ ኑ። ዛሬ አያ ካርቶንን ፊትና ጀርባ እናትመዋለን።

ከተማችን ትክል ድንጋይ በስሟ አንድ ድንጋይ ተክላለች። አንዱ ይበቃን ነበር። አያ ካርቶን ግን ሁለተኛውን ቡፌ ላይ ተከለው፤ ዳንቴል አልብሶ፣ አጠገቡ የፕላስቲክ አበባ አቁሞ። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ያሳያል፤ ታቦት የሚያወጣ ነው የሚመስለው። «ይሠራል?» ያለውን እንግዳ በዐይኑ ያባርረዋል። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይባላል። ለዚህኛው ብልህ እንኳ አላስፈለገም፤ ልጁ ሶኬቱን ነቅሎ ስልኩን ሰካበት።

«ጎንደሬ ነኝ፣ ቅኔ ይገባኛል» ትላለህ። ቅኔውን እንኳ ተወው፤ ጎጃሞች ከሰሙህ ሌላ ጣጣ ነው። አንዲት ሰምና ወርቅ ግን ሱቁ ውስጥ ዐይንህ ሥር ተቀምጣልህ ነበር። የፕሪንተሩ ዋጋ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ካርትሬጁ ውስጥ ነው። ሻጩ ሰሙን እየሳቀ ሰጠህ፣ ወርቁን በየወሩ እያለቀስህ ትወስድለታለህ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ላንተ ነው። በሬው እንኳ ገደል የገባው አንድ ጊዜ ነው። አንተ ቀለም ባለቀ ቁጥር ትገባለህ፤ ያውም ትራንስፖርት ከፍለህ።

«ምን ያህል ቢሆን ነው?» አልክ? ቁጥር ከፈለግህ እንካ። እንደ ኤችፒ 123 ያለው ትንሹ ጥቁር ካርትሬጅ 120 ገጽ ያህል ነው የሚያትመው። ባለ ቀለሙ 100። ይህን የሚለው ራሱ ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካ ደግሞ ራሱን አያማም። እሱም ቢሆን ከገጹ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ቀለም ሲነካው ነው። አንድ ደስጣ ወረቀት 500 ቅጠል አለው። አራት ካርትሬጅ ጨርሰህ 480 ላይ ትቆማለህ። ለቀረችህ 20 ቅጠል አምስተኛ ካርትሬጅ ትገዛለህ። ወረቀቱ ሳያልቅ አንተ ታልቃለህ! ቀለም ከጠርሙስ የሚቀዳበት ባለ ታንኩ ኤፕሰን ኤል3250 በአንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም 4,500 ገጽ ነው የተባለለት፤ ዘጠኝ ደስጣ። ያን ያህል በአንተ ካርትሬጅ ለማተም 38 ያስፈልግሃል። 38! ይሄ የጽሕፈት መሣሪያ ነው ወይስ ዝናር? ታጥቀኸው ብትወጣ አርማጭሆ ሙሉ መንገድ ይለቅልሃል።

«ብር ሲንሳፈፍ ዋጋ ይጨምራል ብዬ ነው የተጣደፍሁት» ይላል። እሰይ የኔ ኢኮኖሚስት! ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ሽቅብ እንደሚል ሰው ሁሉ ገባው። ላንተ ግን ግማሹ ብቻ ነው የገባህ። ፕሪንተር የሚገዛው አንዴ ነው። ቀለም የሚገዛው ዘላለም ነው። አንተ አንዴ ከሚጨምረው ሸሽተህ ዘላለም የሚጨምረው ጉያ ገባህ። ብሩ ተንሳፈፈ፣ አንተ ሰመጥህ። ዋናው በርካሽ መግዛት ነው አላልክም? በል ዋኝ!

«ደግሞ ቤታችን ቀለም የገባው ቤት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ተማሪ ናቸው።» ይሁን። ቀለም የገባው ቤት፣ ቀለም የማይገባው ፕሪንተር! እሱን ስንት ክፍል ደገምኸው? የቀለሙ መውጫ ቀዳዳ ከፀጉር ይቀጥናል። ካልተሠራበት ቀለሙ እዚያው ይደርቅና ይደፈናል። ፋሲል መዋኛን አይተሃል? በዓመት አንዴ ለጥምቀት ውኃ ይሞላል፤ የቀረውን ጊዜ ደርቆ ቢከርም ለድንጋይ ምኑም አይደል። አንተም ፕሪንተርህን እንደ ፋሲል መዋኛ ያዝኸው፤ በዓመት አንዴ፣ ለልጅ ምዝገባ። እሱ ግን ድንጋይ አይደለም። ማለቴ፣ ያኔ አልነበረም።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ያጓራል። «እየሠራ ነው» ብለህ ቤተሰቡን ዝም ታሰኛለህ። እየሠራ አይደለም አያ፤ አፉን እየተጉመጠመጠ ነው። በምን? በአንተ ቀለም! የሚተፋውስ የት? ሆዱ ውስጥ ያለች ስፖንጅ ላይ። አንድ ፊደል ሳያትም ግማሹን ቀለም ተጉመጥሙጦ ይጨርሰዋል። ከዚያ ደግሞ ጥቁር ጽሑፍ ስታዝዘው «ሰማያዊ አልቋል» ይልሃል። ሰማያዊ ማን ጠየቀው? ሽሮ ያዘዝኸው ምግብ ቤት «ዓሣ የለንም» ብሎ እንደ መዝጋት ነው።

«ቢሆንም ሦስት በአንድ ነው!» እሺ፣ ቅኔውን ተውን፤ ትርጓሜው ግን የጎንደር ነው። ቃልህን በአንድምታ እንፍታው። ሦስት በአንድ ማለት ሦስት ሥራ የሚሠራ አንድ ዕቃ ነው። አንድም፣ አንድ ሲበላሽ ሦስቱም የሚቆም ነው፤ ቀለም አለቀብኝ ብሎ ስካን አላደርግም የሚል ዓይነት አለና። አንድም፣ ሦስት ቀን ሠርቶ አንድ ዓመት የሚያርፍ ነው። አንድም፣ አባት፣ እናትና ልጅ ያዋጡበት አንድ ጸጸት ነው። አንድም፣ ሦስት ሰው ዙሪያውን ቆሞ የሚመታው አንድ ሣጥን ነው። ሐተታው ይቀጥል ነበር፤ ወረቀት ስለያዘበት ነው የቆመው።

«አራት በአንድ የሚባልም አለ፤ ፋክስ ያለው» ብሎ ደግሞ ያስጎመጃል። ፋክስ? ለማን ልትልክ? ለአፄ ፋሲል?

ስካኑንማ አሳይቶናል። የመሬት ደብተሩን አዲስ አበባ ላለው ልጁ ሊልክ ጥራቱን 1200 ላይ አደረገው። ለደብተር 300 ይበቃል። በ1200 ቁንጫ ነው የሚፈለገው! ምስሉ በ16 እጥፍ ሰባ። ቴሌግራም ጠዋት መላክ የጀመረውን ማታም እየላከ ነበር። ልጁ ደውሎ «አባዬ፣ ደብተሩን ነው ወይስ መሬቱን ነው የላክኸው?» አለው።

የድሮ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው ተከራክረዋል። እኛም ላይ አርማጭሆ ተቀምጠን ሁለት ቤት ሆነናል፤ ቀለም ቤትና ዱቄት ቤት። አያ ካርቶን የየትኛው ነህ? «እኔ የርካሹ ነኝ።» አንተ የካርቶን ቤት ነህ፤ ዝም ብለህ ስማ።

ዱቄት ቤቶች ሌዘር ወዳዶቹ ናቸው። እስቲ ሌዘርን በእናቶቻችን ቋንቋ ላስረዳህ። ሌዘር ፕሪንተር ምጣድ ነው። ቶነር የሚሉት ነገር ፈሳሽ አይደለም፤ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተስቦ ወረቀቱ ላይ በፊደል ቅርጽ ይነሰነሳል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ 200 ዲግሪ በሚግል ጥቅልል ሥር ያልፋል፤ ይጋገራል። ወረቀቱ እንደ ምጣድ እንጀራ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ በክረምት ጉንጭ ላይ ቢያደርጉት ደስ ይላል። ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ቢቀመጥ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ጤፍ ነው። ዝናብ ቢመታውም አይፈስም፤ የተጋገረ ነዋ! የአንተን ደብዳቤ ታስታውሳለህ? ፕሪንተርህ ሳይደፈን ያተምሃትን? ከቤትህ እስከ ወረዳው ካፊያ መታት፤ አናቷ ላይ ያለው ጽሑፍ ወርዶ ፊርማው ላይ ተኛ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለህ ጽፈህ ማንም የማይመለከታት ሆና ደረሰች።

ስም ጥራ ካልከኝ፣ ካነን ኤምኤፍ3010 የሚሉት ሦስት በአንድ አለ። ጥቁር ብቻ ነው፤ ቀለም አይቀባባም። አንድ ቶነር 1,600 ገጽ ነው የተባለለት፤ ከሦስት ደስጣ በላይ። ካርትሬጁ ካነን 725 ይባላል፤ የኤችፒ 85ኤም ያው ነው። ስሙ ሁለት፣ አካሉ አንድ! በዚህ ጉዳይ የድሮ ጎንደር ጉባኤ ይጠራበት ነበር፤ ዛሬ ቶነር ሞይው በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ «አንድ ናቸው፤ አምጣው።» ሲያልቅ ዱቄት ይሞላል። ግን ክፉ ዱቄት ካስሞላህ እንጀራው ሊጥ ይሆናል። ሰርተፊኬቱን በጣትህ ስትዳብሰው የልጅህ ስም ጣትህ ላይ ይቀራል። ማን ተመረቀ ታዲያ? አውራ ጣትህ!

ምጣድ ደግሞ መብራት ይበላል። ሌዘር ሲያትም በመቶ የሚቆጠር ዋት ይጎትታል። ጎረቤት እንጀራ ጥዳ አምፖሉ ሲያዛጋ አንተ «ፕሪንት» ብትል፣ እሷም ዐይን አታወጣ፣ አንተም ገጽ አታወጣ። በሶላር ባትሪ እሠራለሁ ካልክማ ባትሪው «ደህና ሰንብት» ብሎ ይሰናበትሃል። ባለ ታንኩ ግን ሲያትም ከ15 ዋት በታች ነው፤ አንድ አምፖል ማለት ነው። በእኛ አገር መብራት ይህ ቀልድ አይደለም፤ ለእኔ ከገጹ ብዛት ይልቅ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው።

ቀለም ቤቶች ጋ ገባን። «ታንክ የፈረንጅ አዲስ ሞድ ነው፤ እኛ ጎንደሮች ግን ጽሕፈት ከደማችን ነው» ብሎ ፎከረ። ደምህ ውስጥ ያለው ቀለም ፕሪንተርህ ውስጥ በኖረ! የአገርህን ሥራ ላስታውስህ። ቁም ጸሐፊ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ራሱ ያሰናዳል፤ እስኪሰክንም ያቆየዋል። ቀዩን ለቅዱሳን ስም ለብቻው ያኖራል። ቀለሙን ቀንድ ውስጥ ያደርጋል፤ ቀንዱን መሬት ላይ ይተክላል፤ መቃውን እያጠቀሰ ይጽፋል። ሲጎድል ይጨምራል። በቃ! የቀንድ ሠሪው መጥቶ «የእኔን ቀለም ካልሞላህ አይጽፍም» አላለውም። ቀንዱ ላይ ቺፕ አልነበረም። ጉልህ የሚባለውን የጎንደር ዘመን ጽሕፈት ቁም ጸሐፊው በዚያ ቀንድ ነው የጻፈው፤ ፊደሉ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ዛሬም ከሩቅ ይነበባል። የአንተ ግን ከቅርብም አልተነበበ።

ታንክ ማለት ይኸው ቀንድ ነው፤ ጠርሙሱን ከፍተህ ትቀዳለህ። ኤፕሰን ይህን መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው በፈረንጅ 2010 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው። እዚያ ሰዉ ካርትሬጁ ቢያስመርረው ፕሪንተሩን በስቶ፣ ከውጭ ጠርሙስ በቱቦ ቀለም ማጠጣት ጀምሮ ነበር። ፋብሪካው ቢያየው ጊዜ «ካልቀረማ እኔው ልሥራው» አለ። ኢንዶኔዥያዊው በቱቦ ቀደመህ፣ አያትህ በቀንድ ቀደመህ፣ አንተ በካርቶን ቀረህ። ደግሞስ የግዕዝ ፊደል ሮም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የወጣው በፈረንጅ 1513 ነው፤ መዝሙረ ዳዊት። 500 ዓመት አልፎታል! አንተ ዛሬም «ድራይቨር የሚጭንልኝ ልጅ ፈልጉልኝ» ትላለህ።

ድራይቨሩ ተጫነ እንበል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ከፍቶ አተመና ዝባዝንኬ ወጣ። ይህን ይዞ «ቻይንኛ ነው የሚያትመው፣ ፋብሪካ ላይ ሳይቀይሩብኝ አልቀረም» ብሎ ሰፈር ዞረ። ወንድሜ፣ ፒዲኤፍ አድርገህ ላከው። ፕሪንተር የሰጡትን ነው የሚያትመው፤ ከአንተ የወሰደው ጠባይ የለም።

ታንክም ቢሆን መልአክ አይደለም፤ ላለመዋሸት። ለመግዣ ውድ ነው። እሱም ስፖንጅ አለው። እሱም ከተተወ ይደርቃል፤ ሳምንት በሳምንት አንዲት ባለ ቀለም ገጽ ማቅመስ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ መንገድ አይወድም። አንድ ወዳጄ፣ ስሙን አልጠራም፤ ሱሪው ይጠራዋል፤ ጎንደር ላይ ያገለገለ ባለ ታንክ ገዛ፤ ቀለሙ እንደሞላ። «ትርፍ ነው» አለ። ጉልበቱ ላይ አዘንብሎ ታቀፈው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ጥቁሩ መጣ። ሁለተኛው ላይ ሰማያዊው። ከዚያ ቀዩና ቢጫው ተጠራሩ። ትክል ድንጋይ ላይ ሲወርድ ሱሪው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግድግዳ መስሏል። «ፕሪንተሩ ይሠራል?» አልነው። «ሱሪዬ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ጥራቱ አንደኛ ነው።» አዲስ ከሆነ ቀለሙን ከነጠርሙሱ ይዘህ ቤት ገብተህ ሙላ፤ አሮጌ ከሆነ እንደ ወጥ ድስት ቀጥ አድርገህ ያዝ። ይህን ለመናገር አንድ ሱሪ ተሠውቷል።

አሁን ደግሞ አያ ካርቶን ተመከረና «እሺ፣ ባለ ታንኩንም ቢሆን ርካሹን እገዛለሁ» አለ። ይኸው ተመለሰ! ኤል3210ን አይቷል፤ ከኤል3250 ይረክሳል። ለምን ረከሰ? ዋይፋይ ስለሌለው። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚሠራው። አያ፣ ኮምፒውተር አለህ? «የለኝም።» እናንተ ሰዎች፣ ኮምፒውተር የለውም! ገመዱን ከምን ጋር ሊሰካው ነው? ከቡፌው ጋር? ከዳንቴሉ ጋር? ሰነዱ ሁሉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ የልጁ ፈተና በቴሌግራም፣ የእድሩ ደብዳቤ በቴሌግራም። ዋይፋይ ያለው ግን ከስልክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም። ያለ ኮምፒውተር ባለ ገመድ መግዛት በቅሎ ሳይኖር ልጓም መግዛት ነው። ልጓሙ ርካሽ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው።

«ታዲያ እኔ የቱን ልግዛ?» አለ በመጨረሻ። ተመስገን! ዓመት የፈጀች ጥያቄ። መጀመሪያ መልስልኝ፤ በወር ስንት ገጽ ታትማለህ? ጣቱን ቆጠረ። የእድር ደብዳቤ አንድ። የማኅበር ስም ዝርዝር አንድ። የልጁ መልመጃ አራት። የፋይዳ መታወቂያ... አዎ፣ ፋይዳ! ለካ ለእሱ ነበር የገዛው። ፋይዳ ለማተም ፋይዳ የሌለው ፕሪንተር! ማተሙንስ አትሟል፤ ባለ 12 አኃዙ ቁጥሩ ስድስቱ ወጣ፣ ስድስቱ ቀረ። በመንግሥት ዘንድ ግማሽ ሰው ሆኖ ሰነበተ። ደምሩት፤ ስድስት ሰባት ገጽ። ለሰባት ገጽ ፕሪንተር? ለአንድ ስኒ ቡና ጅማ ላይ መሬት ትገዛለህ?

ልጆቹ በየሳምንቱ መልመጃና ሥዕል የሚያትሙበት ቤት ባለ ታንክ ከነዋይፋዩ ይግዛ፤ የዛሬ ዋጋው ያስደነግጠው፣ የነገው ያስተኛዋል። ጥቁር ደብዳቤ ብቻ የሚያትም፣ ሲያሻው ሦስት ወር የሚረሳ፣ መብራቱም ደህና የሆነለት ቤት ምጣዱን ይግዛ። አንተ ግን ኮፒ ቤት ሂድ! እዚያ ያለችው ልጅ ሌዘሯን ጥዳ ትጠብቅሃለች። ሰባቷን ገጽ በትኩሱ ትሰጥሃለች። ወረቀት ቢይዝ የሚሰደበው የእሷ ማሽን ነው፤ ቀለም ቢያልቅ የሚያለቅሰው የእሷ ኪስ ነው። አንተ ከፍለህ ተሳድበህ ትወጣለህ። እንዲህ ያለ ምቾት በየትኛው ካርቶን ይሸጣል?

ትንሽ ዝም አለ። ሲሸነፍ ያሳዝናል፤ ግን ብዙ አያሳዝንም። «ካርቶኑንስ ምን ላድርገው?» አለ። ካርቶኑን እንኳ እሜቴ ቀድማሃለች! ሚስቱ ጓዳ ወስዳ ጭድ አንጥፋ፣ 12 እንቁላል አስቀምጣ ዶሮዋን አስታቅፋበታለች። ከነፕሪንተሩ ሥዕል፣ ከነ«ሦስት በአንድ»ው። መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ፤ ዶሮዋ አልተጉመጠመጠችም። ድራይቨር አልጠየቀችም። ሰማያዊ አለቀብኝ አላለችም። በ21ኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት አወጣች፤ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፤ ሙሉ ቀለም!

ሰፈሩ ሁሉ ጓዳ ገብቶ አየ። አያ ካርቶንም ጎንበስ ብሎ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያም እናቲቱን መረመረ። ቀና ሲል ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ኮፒው ከኦሪጅናሉ ጋር አይመሳሰልም።»